አረንጓዴው የምግብ ደብተር

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሁለት እስክሪብቶ ሰብሬ በሦስተኛው ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፌ ላይ የተለያየነው በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ጎረምሳ ፍቅር ይዞኝ፣ ሽማግሌ ልላክ አልላክ እያልኩ ከፒያሳ አዘዞ በእግሬ ስመላለስ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር። ያን ያላነበበ ሰው ጎንደር ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ድንገት ዛሬ ጠዋት ከአዲ አርቃይ የወጣ እንግዳ ካለ ግን ለእርሱ ስል በአጭሩ ልድገመው።

ስሜ ሳሊም ነው። የሰሊጥ ነጋዴ ነኝ። ከሳንጃ የሚወጣ ሰሊጥ የኔን ፊት ሳያይ ወደብ አይደርስም። አዲስ ዓለም ያለው ቤታችን ሲሠራ የነገሥታቱ ግንብ ገና በሐሳብ ነበር ይባላል፤ የሚለው እኔ ነኝ፣ ግን እስካሁን ያስተባበለ የለም። ክብደቴ መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ነው። እኔ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሌላ ሰው አይጭንም፤ ዳገት ላይ እኔው ወርጄ እገፋዋለሁ። ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በዚህ ላይ አልቀልድም።

ዶክተር ፈህሚያ ዐብዱልከሪም ደግሞ የሆርሞን ተመራማሪ ናት። ባሕር ማዶ አሥራ አንድ ዓመት ተምራ በ2004 ተመለሰች። ሌላው ዶክተር ሲመለስ ክሊኒክ ይከፍታል፤ እርሷ ጥያቄ ከፈተች። የጠገበ ሰው ለምን መብላቱን አያቆምም? የስብ ክምችታችን ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል አለችኝ፣ መጀመሪያ ደሜን የሰጠኋት ቀን። «እንደ ደብዳቤ ነው። ‹ስንቅ ሞልቷል፣ አፍህን ያዝ› ብሎ ወደ አንጎል ይልካል። ወፍራም ሰው ደሙ ውስጥ ደብዳቤው ሞልቶ ተርፏል፤ አንጎሉ ግን ከፍቶ ማንበብ ትቷል።» የኔ ደም ሲመረመር ሌፕቲኑ በዝቶ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ አቆመው። እርሷ መብራት ጠፍቶ ነው ትላለች።

ለጥናቱ አርባ አንድ ወፍራም ነጋዴ የሰበሰብኩላት እኔ ነኝ፤ ከኔ ጋር አርባ ሁለት። ለእያንዳንዳችን በየወሩ አንድ አረንጓዴ ደብተር ትሰጠን ነበር። ምግባችንን ከጋራው ትሪ ወደ ራሳችን ሳህን አውጥተን እንድንበላና በየቀኑ እንድንሞላው ነው። «ዛሬ ከሳህንህ በእጅህ ያነሳኸው ምንድን ነው? ምን ያህል?» ይላል። በመጨረሻው ጠርዝ «አስተያየት» የሚል ቀጭን ዓምድ አለ። ሌላው ነጋዴ «ሆዴን ነፋኝ» የሚልበት ነው። እኔ ፍቅሬን ጻፍኩበት።

«ምሳ፣ አንድ እንጀራ ተኩል። ነጭ ካፖርትሽ ኪስ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሶ ነበር። ቀኑን ሙሉ እርሱን ሳስብ ዋልኩ።»

በሳምንቱ ደብተሩ ሲመለስልኝ በቀይ ቀለም፣ «አስተያየቱ ከጥናቱ ጋር አይገናኝም። ቀለሙ ለቋል» ይላል። እስካሁን ተራራ የሚያህል ደብዳቤ ተጽፎልኛል፤ እንደዚያች መስመር ያስጨፈረኝ የለም። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ቁርሴን ባዶ ትቼው ነበር። በቀዩ ቀለም «ምነው ትናንት ቁርስ አልበላህም?» ብላ ጻፈች። እርስዎ ትለኝ የነበረችው ሴት ናት። «አልበላህም» የምትለዋን ቃል ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ።

አሁን ልብ በሉ። እኔ ወሬ ላይ እጨምራለሁ። አንዱ ኩንታል አሥር ነው፤ ያየሁት ጅብ አንበሳ ነው። ይህን ከተማው ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች። በዚያ ደብተር ላይ ግን አንዲት ቁራሽ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከተወለድኩ ጀምሮ እውነት ብቻ የጻፍኩበት ወረቀት እርሱ ነው፤ ስለ እርሷ ብዬ። ውሸታም የተባልኩትም በእርሱ ነው።

*

ረቡዕ ሰባተኛውን ደብተር ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ወጣሁ። ደም የምትቀዳልን ነርስ ይመኙሽ ሁልጊዜ «አያ ሳሊም፣ ዛሬስ መርፌው ይደርስ ይሆን?» ብላ ትቀልድብኝ ነበር። ያን ቀን ዓይኗን ሰበረች። ፈህሚያ መስኮቱ ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ይቀመጡ» አለች።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ሽማግሌ ገብቶ እንደሆነ አየሁ። ማንም የለም።

«ማነው እሚቀመጠው?»

«እርስዎን ነው።»

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ጮኸ። ፈህሚያ ስድስቱን ደብተሮቼን ጠረጴዛው ላይ እንደ ክስ ፋይል ደረደረቻቸው።

«በዚህ መሠረት በቀን የሚበሉት አንድ ሺህ አራት መቶ ካሎሪ ነው። በእርስዎ ቁመት ይህን ብቻ የሚበላ ሰው ይከሳል። እርስዎ በስድስት ወር ሦስት ኪሎ ጨምረዋል።»

«አየሩ ይሆናል።»

«አርባ ሁለታችሁም እንደዚያው ናችሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሞኟ አመንኩ። ትንሽ እየበላ የሚወፍር ሕዝብ አገኘሁ፣ ሌፕቲኑ ሌላ ምስጢር አለው ብዬ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። አዳራሹ ሳቀ፣ አያ ሳሊም። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ‹ልጄ፣ ነጋዴዎችሽ ይዋሻሉ› አሉኝ። እስከ ሻይ ዕረፍት ድረስ ተከራከርኳቸው። ነጋዴዎቹን የሰበሰበው ማነው? እርስዎ። ከተማው በወሬ የሚያውቀው ማንን ነው? እርስዎን።»

«ጨመርኩ ነው ቀነስኩ እምትይኝ?»

«ቀነሱ።»

«እኔ በሕይወቴ ቀንሼ አላውቅም።»

ይመኙሽ አፏን በእጇ ሸፈነች። ፈህሚያ አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ስላት ከንፈሯ ግራ ጠርዝ ላይ አንዲት ነገር ትንቀሳቀስ ነበር፤ ፈለግኳት፣ የለችም።

«ቅዳሜ ጠዋት የምርምር ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ» አለች። «ደብተሮቹ ውሸት ናቸው ብዬ ጥናቱን እዘጋለሁ። ሐዋሳ ሥራ ሰጥተውኛል፤ እሄዳለሁ።» ከዚያ ሰባተኛውን ደብተር በሁለት ጣቷ፣ እንደ ቆሸሸ ነገር፣ አነሳችው። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የምሳውን ዓምድ እንዲህ ከሞሉት፣ ‹አስተያየት› የሚለውንስ በምን እጅዎ ነው የሞሉት?»

እኔን ሰው ሰድቦኝ ያውቃል። የመተማ ደላላ፣ የሳንጃ ሚዛን ሰሪ፣ የገዛ አጎቴ ሰድበውኛል፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ለዚህች ግን ተነሳሁ፣ ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ። አላቅቄ ስወረውረው ግድግዳው የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ይመኙሽ ቀስ ብላ አንስታ ቦታው መለሰችው።

«ጁምዓ ምሳ እቤት ነይ» አልኩ። «ሚዛንሽን ይዘሽ ነይ። የምበላውን በዓይንሽ መዝኚ።»

«እናትዎ ሐጃ ለይላ የሸማኔ ልጅ አያስገቡም።»

«የጠራሁሽ እኔ ነኝ።»

«ሚዛኔን ይዤ እመጣለሁ» አለች። «ለጥናቱ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር፤ በደስታ ግን አልነበረም። መኪናው፣ ባጃጁ፣ የሎሚ ሻጯ ሴት፣ ሁሉም «እርስዎ» የሚለኝ መሰለኝ። ሰው በአንድ ቃል ይህን ያህል ከቤቱ ይባረራል ወይ?

*

እናቴ ሐጃ ለይላ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሐሙስ ዕለት ነገርኳት።

«ነገ ሐኪም ትመጣለች። ሲበላ ልየው ብላ ነው።»

«ሸጋ። ማን ናት?»

«ፈህሚያ።»

መቁጠሪያዋን ያዝ አደረገችው። «የዐብዱልከሪም፣ የሸማኔው ልጅ?»

«ዶክተር ናት፣ እማ።»

«ዶክተርነቷ ጥለቱን አይለውጠውም» አለችና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ፈህሚያና ይመኙሽ ደርሰዋል። እህቴ ሒክማ እጅ አስታጠበች። ትሪው መሐል ላይ ነው፤ የበግ ወጥ፣ አልጫ፣ ጎመን በቅቤ። የኔ ሳህን እንደ ደብተሩ ትእዛዝ ከትሪው ጠርዝ ለብቻው ተቀምጧል። እናቴ ያን ሳህን ከገባ ቀን ጀምሮ ስትጠላው ነው የኖረችው። «ልጄን ከትሪያችን ለየችው» ትላለች፤ ስድስት ወር ሙሉ። ይመኙሽ ክርስቲያን ናት፤ ሥጋችንን አትበላም፣ ቀኑም ዓርብ ነው። ሒክማ ለእርሷ ሽሮ በዘይት ለብቻው ሠርታላት ነበር። ቶሎ በልታ ጨርሳ፣ ብርጭቆ ሻይ ይዛ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ማየት ጀመረች።

ፈህሚያ ትንሿን ሚዛን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ሚዛን ነው፣ ሐጃ።»

«ልጄ ሰሊጥ ነው?»

«ሳህኑን ነው የምመዝነው። ከመብላቱ በፊትና በኋላ።»

«ጉድ ነው። አባትሽ እንኳ ጋቢውን በክንድ ለክቶ ነበር እሚያመጣ» አለች እናቴ። ፈህሚያ ቀና አላለችም። የሳህኑን ክብደት ጻፈች። እኔም ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ።

እየበላሁ እያየኋት፣ እያየኋት እየተናደድኩ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናት፤ ግን በሁለታችን መካከል የሊማሊሞ ገደል አለ። ከፊቷ ያለውን እንጀራ ጠርዙን ትቆርጣለች፣ ወደ አፏ ትወስዳለች፣ ዓይኗ ሳህኔ ላይ ነው። አንድም ጊዜ ፊቴን አላየችም። እናቴ ትናገራለች፣ ሒክማ ትስቃለች፣ እኔ እበላለሁ። በመጨረሻ እጄን ሰበሰብኩ።

ፈህሚያ ሳህኑን መልሳ መዘነች። የረቡዑን ደብተር ገልጣ አስተያየች። ደግማ መዘነች።

«አንድ እንጀራ ተኩል» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «የጻፍከው... ትክክል ነው።»

«ትክክል ነው?» አልኩ። «ጮክ በይ እንጂ፣ አዘዞም ይስማ።»

ፊቷ ላይ ደስታ የለም፤ ሜዳ ላይ መንገድ የጠፋበት ሰው ፊት ነበር። እኔ እንዳሸነፍኩ ነው የገባኝ፤ እርሷ ግን እንቆቅልሹ ባሰባት። እኔ ካልዋሸሁ ሦስቱ ኪሎ ከየት መጣ?

ያን ጊዜ ይመኙሽ ጥጉ ላይ ሳል አደረገች።

«ዶክተር፣ ሃያ ሰባት።»

«ምኑ?»

«ጉርሻው። ሥራ ስለፈታሁ ስቆጥር ነበር። ሐጃ አሥራ ስድስት፣ እቴ ሒክማ አሥራ አንድ።»

ፈህሚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ይህን ጽፈኸው ታውቃለህ?»

«ምኑን?»

«የጎረስከውን።»

«እርሱ መች የኔ ሆነ? የእማ ነው፣ የሒክማ ነው። ደብተርሽ ‹በእጅህ ያነሳኸው› አይደል የሚለው? ሰው ያጎረሰኝን እንዴት አድርጌ በላሁ እላለሁ? እጇን ነው የተቀበልኩ እንጂ።»

ሒክማም ራሷን ነቀነቀች፤ ምኑ እንደሚያጠያይቅ አልገባትም። ይመኙሽ ግን በለሆሳስ «አርባ ሁለቱም እንዲህ ናቸዋ» አለች። «ከነጋዴዎቹ እነ ዐብደላ ቤት ደግሞ አምስት ሴት ልጅ አለ።»

ፈህሚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደብተሩን ገልጣ የቅጹን አናት በጣቷ ነካች።

«ቅጹን ከዚያ አገር አምጥቼ የተረጎምኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ቃል በቃል። እዚያ ሰው ሁሉ የሚበላው ከሳህኑ ነው። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ከሳህኔ በላሁ፣ ብቻዬን። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አላጎረሰኝም። ለካ ረስቼዋለሁ።» ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ «አዲስ ዓለም ተወልጄ» አለች። በራሷ ላይ እንደዚያ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዘልዬ ከዚያ ቁጣ ላወጣት ፈለግኩ።

የቀደመችኝ እናቴ ናት።

«እንግዲህ ልጄን የማሳምመው እኔ ነኝ በይ።»

«እንዲያ አላልኩም፣ ሐጃ።»

«ሚዛንሽ አለ እንጂ።» እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ የዐብዱልከሪም ልጅ። ይኸ ልጅ ሚስቱን ቀብሮ መጥቶ አርባ ቀን እህል አልቀምስ አለ። ዳቦ አይል፣ ወተት አይል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። በዚህች እጅ ነው ያቆምኩት። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ልመና። አንቺ በመርፌ ልታገኚው ነው እኔ በእጄ ያኖርኩትን?»

በዚህ ላይ አልቀልድም ብያችኋለሁ። እውነቷን ነው። አንገቴን ደፋሁ።

«ሌፕቲን የሚሉት ነገር አለ፣ ሐጃ» አለች ፈህሚያ፣ ቀስ ብላ። «ሲጠግብ ደሙ ለአንጎሉ ይነግረዋል። የእርሱ ደም ዘጠኝ ዓመት እየጮኸ ነው። አንጎሉ አልሰማ አለ። እርስዎ በክፉ አላደረጉትም።»

«በክፉ አላደረግሁትም ብለሽ ልትምሪኝ ነው?» እናቴ ሳቀች፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነው። «አባትሽ በራችን ቆሞ ሸማ ሲያስረክብ አውቀዋለሁ። ልጁ መጥታ ከትሪዬ ላይ እጄን ትቆጥርብኝ ጀመር።»

ፈህሚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። የምትነሳ መሰለኝ፤ አልተነሳችም።

«እኔም ከአባቴ ጋር ነበርኩ» አለች። «ስድስት ዓመቴ ነው። ከውስጥ የወጥ ሽታ መጣ፤ ሳላስበው ወደ ደጃፉ ተጠጋሁ። እርስዎ ወጡና በዚያች እጅዎ አጎረሱኝ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፣ ሥጋ ያለበት። ጣዕሙ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ባሕር ማዶም ሆኜ ስንት ቀን ትዝ ብሎኛል። ግን ሐጃ፣ በር ላይ ነው ያጎረሱኝ። ግቢ አላሉኝም። ዛሬም ይኸው ሚዛን ይዤ ነው የገባሁት።»

ሒክማ ማንኪያውን ታገላብጣለች። እናቴ መልስ ሲያጥራት የምታደርገውን አደረገች፤ ከትሪው ላይ ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ሠርታ፣ በፈህሚያ ፊት አሳልፋ ወደኔ ዘረጋችው።

«ጉረስ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይመኙሽ ከቆጠረችው ሃያ ሰባት ጉርሻ ውስጥ ለእንግዳዋ የደረሳት አንድም የለም። በኛ ቤት መንገደኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚጎርሰው እርሱ ነው፤ ውሻ እንኳ ባዶ አፉን አይመለስም። ፈህሚያ ትሪያችን ዳር ተቀምጣ፣ ዓይኗ ሥር ሃያ ሰባት እጅ ሲያልፍ አየች። እኔም ተቀበልኩ። አላየሁም ነበር። አለማየቴ ነው ያቃጠለኝ።

«ለእርሷ ሳታጎርሺ አልጎርስም» አልኩ።

«ጉረስ ብዬሃለሁ።»

«አልጎርስም፣ እማ።»

አፌን ዘጋሁ። የእናትን ጉርሻ መመለስ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ቅቤው በአንጓዋ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር። የዘረጋችው እጅ እንዴት አርጅቷል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ወደ አፌ ሲመጣ አይቼው፣ ማርጀቱን ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችና፣ ግድግዳ ይዛ ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም። ቀስ ብላ ዘጋችው።

ወደ ፈህሚያ ዞርኩ። አመሰግናለሁ ባትለኝም ዓይኗ ይለሰልሳል ብዬ ነበር። እንደ እሳት ነዳለች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። «በኔ ስም የእናትህን እጅ አንጠልጥልልኝ ብዬ ነግሬሃለሁ? ነገ የሚወራው ‹የሸማኔው ልጅ ትሪ በተነች› ነው። ጀግና መስለህ ልትታይ ነው አይደል? ዛሬም ጨመርክ።»

ሚዛኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይመኙሽ ተከተለቻት። እኔ፣ ሃያ ሰባት ጉርሻና አንድ እንጀራ ተኩል የበላሁ ሰው፣ ትሪው ዳር ብቻዬን ቀረሁ። ሆዴ ሞልቶ እንደዚያ ባዶ የሆንኩበት ቀን የለም። እናቴ ላይ ተናደድኩ፣ ፈህሚያ ላይ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ ያ የተዘጋ አፌ ላይ ተናደድኩ። ከስንት ዘመን በኋላ ሲዘጋ እንኳ ሰው አቆሰለ።

*

ከዚያ ምሳ በኋላ እህል አፌ አልገባም። እናቴም ከክፍሏ ለስግደት እንጂ አልወጣችም። ሒክማ በሁለት የተዘጋ በር መካከል ትሪ ይዛ ስትመላለስ ዋለች፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እርሷም ተቆጥታ ትሪውን ወጥ ቤት ወርውራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመኙሽ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አረንጓዴ ደብተር ሰጠችኝ።

«ኮሚቴውስ?» አልኳት።

«ኧረ እንዴት ያለች ሴት ናት፣ አያ ሳሊም። ቆማ ‹ነጋዴዎቼ አልዋሹም፤ የዋሸው ቅጹ ነው፣ ቅጹን የጻፍኩትም እኔ ነኝ› አለቻቸው። አንዱ ሊስቅ ሲል እንዲህ አየችው፣ ሳቁን ዋጠ። ጥናቱን ከአንድ ጀምራ ልትሠራው ነው።»

«ሐዋሳስ?»

«እርሱን ደብተሩን ጠይቀው» ብላ ሄደች።

ገለጥኩት። በማስመሪያ አዲስ ዓምድ ተሰምሯል፣ በዚያው በቀዩ ቀለም። አናቱ ላይ «ያጎረሰው ሰው ስም» ይላል። ከሥሩ እናቴ አሥራ ስድስት፣ ሒክማ አሥራ አንድ ተብሎ የዓርቡ ተሞልቷል። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛው መስመር፣ በተረጋጋ የእጅ ጽሑፍ፣ ሌላ ስም አለ።

ፈህሚያ ዐብዱልከሪም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃው አልተሰነጠቀም፤ ወይ ተሰንጥቆ አልሰማሁም። በኛ ዘንድ ባዳ ሴት ለወንድ አታጎርስም። የምታጎርሰው እናቱ ናት፣ እህቱ ናት፣ ሚስቱ ናት። ሌላ አራተኛ የለም። ፈህሚያ ይህን ታውቃለች፤ አዲስ ዓለም ነው የተወለደች።

ከስሟ ትይዩ ብዛት የሚለውን ባዶ ትታዋለች። ቀን የሚለው ላይ ግን ጽፋለች።

«እናትህ ይሙሉት።»

እናትህ። ቁጣዋ በርዶ ስትጽፍም እናትዎ አላለችም።

ደብተሩን ይዤ የእናቴን በር ከፈትኩ። መስገጃው ላይ ተቀምጣለች። ሳልናገር ከፊቷ አስቀመጥኩት፣ እስክሪብቶም አጠገቡ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማረች ናት፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ታነበዋለች። «ያ፣ ጎ፣ ረ፣ ሰው» አለች። ወረደች። የራሷን ስም አገኘችው። አሥራ ስድስቱን አገኘችው። ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የሸማኔ ልጅ እኔን ታዘኛለች» አለች።

«ታዝሻለች።»

«ንዴቷ አይጣል ነው።»

«እንዳንቺ ነው።»

እስክሪብቶውን እንደ መርፌ በሁለት ጣቷ አነሳችው። ከወረቀቱ በላይ ያዘችው። አልጻፈችም፣ አላስቀመጠችውምም።

«ትሪው ላይ ሳለች ሳላጎርሳት ቀረሁ» አለች በመጨረሻ፣ ለእስክሪብቶው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ከትናንት?»

«ከትናንት።»

«ራበህ?»

ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት የጠየቀኝ የለም። እጅ ይቀድመው ነበር። ሆዴን አዳመጥኩ። ከታች፣ ከሩቅ፣ ስሟን እንደረሳኋት አሮጌ ጎረቤት ያለች ነገር እየመጣች ነበር። ሚስቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያላየኋት ናት።

«ራበኝ፣ እማ» አልኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሬ ከነቀንዱ እጨርሳለሁ እል ነበር። ያን ቀን ምንም አልጨመርኩበትም።